ኢንሱሊንና እንስራ፦ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ከስኳር በሽታ ጋር መኖር

ከደሴ ተነስቶ ቦሩ ሜዳን አልፎ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ኩታበር ይደርሳል። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ይህን መንገድ ተመላልሶ መድኃኒቱን ይዞ ቤቱ ሲገባ፣ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የሐኪም ጥያቄ ሳይሆን የፊዚክስ ጥያቄ ነው፦ ብልቃጡን የት ያስቀምጠው? በማሸጊያው ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጥ የሚል ትእዛዝ ታትሟል። በገጠር ቀበሌ ግን ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ያለውም ቢሆን መብራት በሄደ ቁጥር ተራ ሳጥን ይሆናል።

ትእዛዙን ቃል በቃል የወሰደ ቤተሰብ «እኛ ቤት ኢንሱሊን አይቀመጥም» ብሎ ቢደመድም አያስደንቅም። በዚህ ጽሑፍ ድምዳሜው ትክክል አለመሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለዚህም ኢንሱሊን ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ፣ ሙቀት ምን እንደሚያደርገውና አንድ የሸክላ ማሰሮ ምን ሊረዳ እንደሚችል በቅደም ተከተል እንመልከት።

ኢንሱሊን ምንድን ነው?

ኢንሱሊን በቆሽት ውስጥ የሚሠራ ፕሮቲን ነው። 51 አሚኖ አሲዶች በሁለት ሰንሰለት ተደርድረው፣ አንዱ 21 ሌላው 30 ሆነው፣ በሰልፈር ድልድዮች ተያይዘው ይገነቡታል። ሥራው በደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ ማድረግና ጉበት ከመጠን ያለፈ ግሉኮስ እንዳያመርት መግታት ነው። ፕሮቲን ስለሆነ በአፍ ቢዋጥ እንደ ሥጋና እንደ ባቄላ ተፈጭቶ ይቀራል፤ በመርፌ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ደግሞም ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ቅርጹን ያበላሸዋል። የተቀቀለ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ፣ የተበላሸ ኢንሱሊንም መልሶ ስለቀዘቀዘ አይድንም።

ቆሽቱ ኢንሱሊን ማምረት ያቆመ ሰው መድኃኒቱን ሲያጣ፣ ሰውነቱ በስኳር ተሞልቶ ሳለ ይራባል። ግሉኮሱን መጠቀም ስለማይችል ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚህም ኪቶን የተባሉ አሲዳማ ውሁዶች ተፈጥረው ደሙን ያኮመጥጡታል። ብዙ መሽናት፣ ጥማት፣ ማስመለስ፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ በመጨረሻም ራስን መሳት ይከተላል። ይህ ሁሉ በቀናት ውስጥ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን እስኪታከም ድረስ፣ እንዲህ ዓይነት ሕመም የያዛቸው ልጆች ዕድሜ በጣም አጭር ነበር።

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ኩታበርና አካባቢዋ የውጊያ ቀጠና ሆነው ነበር። ደሴም በጦርነቱ ተይዛ በቆየችባቸው ሳምንታት የከተማዋ ሪፈራል ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱ ተቋረጠ። መድኃኒቱን ከደሴ የሚያመጣ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለው ኢንሱሊን በቤቱ የተገኘው ብቻ ነው። መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥም፣ በጤና ተቋሙ መድኃኒት ሲያልቅም ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ የማስቀመጫው ጥያቄ የሚመለከተው አሁን የተከፈተውን ብልቃጥ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ ሳይከፈት ለክፉ ቀን የሚቆየውን አንድ ትርፍ ብልቃጥ ነው።

የሙቀቱ ወሰን

በማሸጊያው ላይ ያለው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚለው ልክ፣ መድኃኒቱ እስከ ታተመበት የመጨረሻ ቀን ድረስ እንዲቆይ የተሰጠ ነው። ጥቅም ላይ የዋለ ብልቃጥ ግን እንደ ዓይነቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ የቤት ሙቀት፣ በአብዛኛው ለ4 ሳምንታት መቆየት እንደሚችል አምራቾቹ ራሳቸው ይገልጻሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ከዚህም አልፏል። በሰሜን ኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች መጠለያ ቤቶች ውስጥ የሙቀት መጠን ለክተው፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ የሚዋዥቀውን ያንን ሙቀት በላቦራቶሪ በመድገም ኢንሱሊንን ለ4 ሳምንታት ፈተኑት፤ ኃይሉ በማቀዝቀዣ ከቆየው ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለወራት በሙቀት ይቆይ ማለት አይደለም። ነገር ግን ማቀዝቀዣ የለንም ብሎ ሕክምናውን መተው መሠረት እንደሌለው በግልጽ ያሳያል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ የ10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት፣ በድምሩ 1,000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 30 ዩኒት የሚወስድ ጎልማሳ በ33 ቀናት ይጨርሰዋል፤ ከ4 ሳምንቱ ብዙም አይርቅም። በቀን 12 ዩኒት የሚበቃው ሕፃን ግን 83 ቀናት ያስፈልገዋል። የብልቃጡ ማለቅና የመድኃኒቱ መድከም የሚራራቁት እንግዲህ በልጆች ላይ ነው። መጠኑ ሳይቀየር የልጁ ስኳር በሁለተኛው ወር ከፍ ማለት ከጀመረ፣ ልጁን ከመቆጣት በፊት ብልቃጡን መጠርጠር ተገቢ ይመስለናል።

እንስራ ለምን ያልባል?

በእንስራ ያደረ ውኃ በጀሪካን ካደረው ይልቅ እንደሚቀዘቅዝ ማንም ያውቃል። ምክንያቱ ሸክላው በረቂቅ ቀዳዳዎቹ ውኃ ስለሚያሳልፍ ነው፤ ውኃው ወደ ውጭ ወጥቶ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ግራም ውኃ ለመትነን 2,400 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ይህ መቶ ግራም ውኃን ወደ 6 ዲግሪ ያህል ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ነው። ፕላስቲክ ጀሪካን አያልብም፤ ስለዚህም አያቀዘቅዝም።

ይህንኑ ለኢንሱሊን መጠቀም ይቻላል። አንድ ትልቅ ማሰሮ ይወሰድና ውስጡ አሸዋ ይደረግበታል፤ አነስ ያለ ማሰሮ በአሸዋው መካከል ይቀመጣል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል። ብልቃጡ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ከገባ በኋላ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይከደናል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ በዚሁ መንገድ አትክልት የሚያቆይ ድርብ ማሰሮ ለገበሬዎች በማዳረሱ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናትም በሞቃት አገሮች ለኢንሱሊን ማስቀመጫ የሚያገለግሉ የሸክላ ዕቃዎችን ለክቶ፣ ሙቀቱን በሚጠቅም መጠን ዝቅ እንደሚያደርጉ አረጋግጧል።

የእኛ አገር እናቶች የሚያውቁት አንድ ጉዳይ ግን እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ለምግብ ማብሰያ የሚሆን ሸክላ ይሟሻል፤ ማሟሸት ማለት ደግሞ ቀዳዳዎቹን በቅባት መድፈን ነው። የተሟሸ ድስት አያልብም። ለኢንሱሊን የሚፈለገው ከሸክላ ሠሪዋ እጅ እንደወጣ ያለ፣ ያልተሟሸ ማሰሮ ነው።

ትነት ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያበጀውም የአየሩ እርጥበት ነው። በበሽሎ ሸለቆ አቅጣጫ ባለው ቆላ በደረቁ ወራት አየሩ 32 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 ከመቶ ቢሆን፣ በትነት ሊደረስበት የሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ማሰሮው እዚያ ድረስ ባይወርድም ከ25 ዲግሪ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ማሰሮው ማቀዝቀዙን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የሚያቀዘቅዝ አያስፈልግም። ደግነቱ ይህ ነው፦ ዘዴው በሚፈለግበት ወቅት ይሠራል፣ በማይፈለግበት ወቅት ይተኛል።

በደጋው የኩታበር ክፍል ግን ዋናው ጠላት የአየሩ ሙቀት አይደለም። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ቤት ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ግን እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ስለዚህ ብልቃጡን ጣሪያው ሥር ከማንጠልጠል፣ ከምድጃ ርቆ መሬት ላይ ባለ ማሰሮ ማስቀመጥ ይሻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ውርጭ አለ። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ኃይሉን ያጣል፤ በመሆኑም በእነዚያ ሌሊቶች ከደጅ ወይም ከበር ሥር መራቅ አለበት። በከተማ ለስላሳ በሚሸጥ ሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ በአደራ የሚቀመጥ ብልቃጥም ከበረዶው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንዳያድር ማሳሰብ ያስፈልጋል። በመንገድ ላይ ከሾፌሩ ፊት ለፊት ባለው መስታወት ሥር የሚደረግ መድኃኒት ፀሐይ ይጠብሰዋል፤ በልብስ ተጠቅልሎ በቦርሳ መካከል ይያዝ።

ስኳር የማይጠፋበት ቤት

አንድ ሰው የስኳር በሽታ ሲገኝበት ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚያደርገው ስኳርን ከቤት ማስወጣት ነው። ኢንሱሊን በሚወሰድበት ቤት ይህ አደጋ አለው። ገበሬው መርፌውን ወስዶ ሲያርስ ቢውል፣ እናትየዋ ከምንጭ ውኃ ስትቀዳ ብትደክም፣ የሚሠራ ጡንቻ ግሉኮስን ስለሚስብ የደም ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ቀዝቃዛ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ከዚያም ግራ መጋባት ይታያል፤ አንዳንዴ ሰካራም ያስመስላል። በዚያች ሰዓት 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት ሕይወት ያድናል። በሶ ወይም ቂጣ ቀርፋፋ ስለሆነ ከስኳሩ በኋላ ይከተል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ትን እንዳይለው በአፉ ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። በእርሻ ቀን መርፌውን ከጭን ይልቅ ሆድ ላይ መውጋት ይመረጣል፤ የሚሠራ እግር መድኃኒቱን ቶሎ ወደ ደም ያስገባዋልና።

በጾምና በረመዳን ወቅት የመርፌውን መጠንና ሰዓት አስቀድሞ ከባለሙያ ጋር መወሰን ያሻል። ጸበል የሚሄድም ብልቃጡን ይዞ ይሂድ። ምግብ አልበላ ያለ ታማሚ በቆሽቱ ምንም የማያመርት ከሆነ ኢንሱሊኑን ፈጽሞ ማቋረጥ የለበትም፤ ትኩሳትና ኢንፌክሽን የኢንሱሊን ፍላጎትን ይጨምራሉና። የደጋ ሰው እንደ ልማዱ እግሩን በእሳት ሲሞቅ ደግሞ፣ ስኳር ነርቩን ያደነዘዘው ታማሚ መቃጠሉን ሳያውቅ ሊቀር ስለሚችል ማታ ማታ እግሩን ሌላ ሰው ቢያይለት መልካም ነው።

በየክሊኒኩ የሚታደሉት የምክር ወረቀቶች ብዙዎቹ «ክብደት ቀንሱ፣ በእግር ተጓዙ» ይላሉ። ለኩታበር ገበሬ ይህን መንገር ቀልድ ይመስለናል። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በጎንደር ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በአብዛኛው ቀጫጭንና ድሆች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲመረመር ጠይቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 በምደባው ውስጥ አስገብቶት በ1999 ሰርዞት ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ግን እ.ኤ.አ. በ2025 አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ለተመላለሰበት ወሎ ይህ ክርክር ሩቅ አይደለም። እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ምግብ መቀነስ ሳይሆን በሰዓቱ በቂ ምግብ ማግኘት የሕክምናው አካል ነው።

ወደ ብልቃጡ እንመለስና እንጨርስ። ፈጣኑ ኢንሱሊን እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ መሆን አለበት፤ ከደፈረሰ ይጣላል። ዘገምተኛውና ድብልቁ በተፈጥሯቸው ወተት ይመስላሉ፤ በእጅ መዳፍ መካከል በቀስታ ከተንከባለሉ በኋላ እኩል ካልነጡ፣ ቅንጣት ካንሳፈፉ ወይም በብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ ውርጭ ከተለጠፉ አያገለግሉም። ብልቃጡ የተከፈተበት ቀን በላዩ ላይ ይጻፍ። የታተመው የመጨረሻ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም ለቤተሰቡ ማስረዳት ያስፈልጋል፦ 06/2027 ማለት ሰኔ 2019 ዓ.ም. ነው እንጂ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል ማለት አይደለም።