ፍልፈል በግጦሽ መሬት ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ከዴራ ተነሥቶ በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣ የልማት ሠራተኛ፣ ወደ ደጋው በቀረበ መጠን በግጦሹ ላይ የተበተነ የአፈር ቁልል ያያል። ይህ የፍልፈል ሥራ ነው። ገበሬው ቁልሉን ሲያይ መርዝ ይጠይቃል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ለመርዝ መግዣ ገንዘብ ለመመደብ ያስባል። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ግን ፍልፈል በሣሩና በአፈሩ ላይ የሚሠራውን ማወቅ ይገባል።

ፍልፈል ተሰብስቦ የሚኖር እንስሳ አይደለም። በፊት ጥርሶቹ በቆፈረው ረጅም ዋሻ ውስጥ ለብቻው ይኖራል። ስለዚህ 30 ቁልል የታየበት መስክ 30 ፍልፈል አለበት ማለት አይደለም፤ ምናልባት ሁሉንም ያወጣው አንዱ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጸመውም በዚህ ቆጠራ ላይ ነው። ቁልሉ ሁሉ ማታ በአካፋ ተደልድሎ፣ በማግሥቱና በሣልስቱ እርጥብ አፈር የወጣበት ቦታ ብቻ ምልክት ይደረግበት።

ጉዳቱ ለማንም ግልጽ ነው። ፍልፈል ሣሩን ከሥሩ ይበላል፤ ከቁልሉ በታች የቀረው ይታፈናል፤ በድርቆሽ ጊዜም ማጭድ አፈር እየመታ ይዶለዱማል። ጥቅሙ ግን ከመሬት በታች ስለሆነ የሚቆጥረው የለም። ከብት ለዓመታት የረገጠው ግጦሽ ይጠጥራል፤ ዝናቡም ሳይሰርግ ላዩን ይፈሳል። ዋሻው ለዚህ መሬት ውኃና አየር ያስገባል። የታችኛው አፈር ወደ ላይ ይወጣል፤ ፍልፈሉ ወደ ጎጆው ያስገባው ሣርና ኩሱም እዚያው ይበሰብሳል። በአዲሱ አፈር ላይ በመጀመሪያ እንደ መች ያሉ አረሞች ይበቅላሉ፤ ከብት ካልበዛበት ግን ማገጥና ሣር ቦታውን መልሰው ይይዛሉ።

ይህ በባሌ ተራሮች በሳነቲ አምባ በጉልህ ይታያል። እስከ አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝነው የባሌው ግዙፍ ፍልፈል በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም። እርሱ የገለበጠው መሬትና ያልተነካው መሬት የሚያበቅሉት ዕፅዋት ይለያያሉ። ለቀይ ቀበሮም ዋና ምግቡ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በእኛው በጋላማና በካካ ተራሮችም ይኖራል።

በግጦሽ ላይ መርዝ መበተንን አንደግፍም። ፍልፈል ከዋሻው እምብዛም ስለማይወጣ፣ ላይ የተበተነውን መርዝ ከእርሱ ይልቅ ወፍና ዶሮ ያገኙታል። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ይኸውም ተዳፋት ሆኖ ከብት የበዛበት መሬት ነው። በዚያ ቁልሉ ሣር ሳይለብስ ዝናብ ይደርስበታል፤ ቁልቁል የሚሄድ አሮጌ ዋሻም ሲደረመስ የቦረቦር መነሻ ይሆናል። እንደ ዴራ ባለ ዝናብ አጠር ቆላ ደግሞ ባዶ አፈር ቶሎ ሣር ስለማይለብስ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ቦታ ለአንድ ክረምት ከከብት ይከለል፤ የተደረመሰው ይደፈን፤ የሰርዶ ቁራጭም ይተከልበት።

ድንችና ካሮት ባለበት ጓሮ ግን ምሕረት የለም፤ እዚያ ፍልፈሉ መያዝ አለበት። ዋሻው ሲከፈት ፍልፈሉ ቀዳዳውን ለመድፈን ይመለሳል፤ በታጠፈ እንጨት የሚሠራው የአገር ወጥመድም የሚይዘው በዚህ ጠባዩ ነው። አሠራሩን ሽማግሌዎች ከእኛ የተሻለ ያውቁታልና፣ የልማት ሠራተኛው እነርሱን ጠይቆ ለወጣቶቹ በመስክ ላይ ያሳይ። ወጥመዱ ጠዋትና ማታ ይታይ፤ ፍልፈሉ ከተያዘም በኋላ ዋሻው በሚገባ ይጠቅጠቅ፤ ክፍት ከቀረ ሌላ ፍልፈል ይገባበታል።