በረዶ የሚጨምቃት መርከብ ጥንካሬዋ የት ነው?

ሙዱላ ላይ በረዶ ሲባል ከሰማይ የሚወርደው ነው፤ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ ማሳ ይጎዳል፣ ከዚያ ይቀልጣል። በምድር ዋልታዎች አካባቢ ግን ባሕሩ ራሱ በረዶ ይሠራል፤ ነፋስ ሲገፋው መርከብን ከግራና ከቀኝ ይዞ ይጨምቃል። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር የሚሰለጥኑ ልጆቻችን በውጭ መርከቦች ስለሚቀጠሩ ነገሩ ለእኛም ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ታዲያ አንዲት መርከብ ይህን ጭመቃ እንደምትችል በምን ይታወቃል?

ብዙ ሰው ወፍራም ላሜራ በቂ ይመስለዋል። እስቲ የጭቃ ቤት ሲሠራ አስቡት። ግድግዳውን የሚያጸናው ጭቃው ሳይሆን ቋሚውና ማገሩ ነው። መርከብም እንዲሁ ናት፦ ላሜራውን ከውስጥ የሚደግፉት የብረት አጥንቶች ናቸው። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ፣ ያው ላሜራ ሳይጎብጥ የሚችለው ግፊት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ላሜራ ከማወፈር ይልቅ አጥንት ማቀራረብ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

በረዶ ደግሞ እኩል አይገፋም። ትንሽ ቦታ ላይ ጠንክሮ ይጫናል፤ እዚያ ግፊቱ ከአንድ ሜጋፓስካል በላይ ይሄዳል። አንድ ሜጋፓስካል ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 100 ቶን ገደማ መጫን ነው! ብረቱም ይመረመራል፤ ተራ ብረት በኃይለኛ ብርድ ሳይታጠፍ ሊሰበር ይችላል።

የሻክልተን መርከብ "ኢንዱራንስ" ጥሩ ማስረጃ ናት። እ.ኤ.አ. በ1915 አንታርክቲካ አጠገብ፣ ዌዴል ባሕር ውስጥ በረዶ ያዛት፤ ከወራት በኋላም ሰጠመች። 28ቱም ተጓዦች ተርፈዋል፣ ይህ ተአምር ነው ማለት ይቻላል። ለረጅም ጊዜ የዘመኗ ጠንካራ መርከብ ስትባል ኖራለች። በ2025 ግን የፊንላንዱ ተመራማሪ ዩካ ቱህኩሪ አሠራሯን በዘመኗ ከነበሩ የዋልታ መርከቦች ጋር አነጻጸረ። ለካ አጥንቶቿም፣ ሁለቱን ጎኖች አለያይተው የሚይዙት አግዳሚዎችም ደካማ ነበሩ። የሞተር ክፍሏ ረጅም በመሆኑ መሐሏ ሳስቷል፤ ሰያፍ ድጋፍም አልነበራትም። የሚገርመው፣ ሻክልተን ራሱ ለሌላ መርከብ ሰያፍ ድጋፍ እንዲገባላት መክሮ ነበር።

ዛሬ መሐንዲሶች ጭመቃውን በኮምፒውተር ያሰላሉ፣ በበረዶ ገንዳ ውስጥ በትንሽ ሞዴል ይሞክራሉ፣ መርከቧ ስትጓዝም አጥንቶቿ ላይ በተለጠፉ መሣሪያዎች ይለካሉ። ትንሽ መጎድጎድ ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው መደርመስ ነው። የዋልታ መርከቦች ከ1 እስከ 7 ደረጃ አላቸው፤ 1 ዓመቱን ሙሉ የትኛውም የዋልታ ባሕር ላይ ትሄዳለች፣ 7 ግን በበጋና በመጸው፣ ያውም በስስ በረዶ ብቻ። የበረዶ ደረጃው ከጥር 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በሚሰጣት የምስክር ወረቀት ላይ ይጻፋል። ወደ ዋልታ የሚላክ መርከበኛ ከመሳፈሩ በፊት ይህን ወረቀት ጠይቆ ቢያይ መልካም ነው።