የአሮጌ ትራክተር የነዳጅ ቱቦ ሲለወጥ

አሮጌ የናፍጣ ትራክተር ተነሥቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ የሚጠፋው ሁልጊዜ ሞተሩ ተበላሽቶ አይደለም። ብዙ ጊዜ የነዳጅ ጎማው በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቅና አየር ይስባል፤ እንደ አል-ኸርጅ ባሉ የሪያድ አካባቢ እርሻዎች ደግሞ የበጋው ፀሐይ የጎማውን ዕድሜ ያሳጥራል።

ቱቦው የሚለወጠው ሞተሩ ከቀዘቀዘና የነዳጅ ጋኑ መዝጊያ ከተዘጋ በኋላ ነው። አዲሱ ለናፍጣ የተሠራ፣ የውስጥ ስፋቱም ከአሮጌው ጋር እኩል ሊሆን ይገባል፤ የውኃ ጎማ በናፍጣ ያብጣል። በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ ይታሰራል፤ ከጭስ ማውጫውም ይርቃል። ከዚያም የፊልትሮው የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ ተደርጎ፣ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ የእጅ ፖምፓው ይገፋል።

ወደ ኢኒየቶሪዎቹ የሚሄዱት የብረት ቱቦዎች ግን በጎማ ፈጽሞ አይተኩም። ሞተሩ እየሠራ ፍሳሻቸውን በጣት መፈለግም አደገኛ ነው፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል። ለፍተሻው ቁራጭ ካርቶን ይበቃል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም፣ ፈጣን ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። የተጎዳ ሠራተኛ በ997 ለቀይ ጨረቃ ሊደውል፣ ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ድንገተኛ ክፍል፣ በሪያድ ከሆነ ለምሳሌ ሹመይሲ ወደሚገኘው የንጉሥ ሳዑድ የሕክምና ከተማ፣ ሳይውል ሳያድር ሊሄድ ይገባዋል። ለሐኪሙም ናፍጣ በግፊት እንደገባበት አስቀድሞ ይንገር።