ኮምፒዩተር ስትገዙ ሙሉ ስሙን ጠይቁ

በአገራችን አንድን ሰው በስሙ ብቻ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። «ከበደ መጥቷል» የተባለ ሰው ወዲያው «የትኛው ከበደ? የማን ልጅ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የአባቱ ስም ሲነገረው ግን ሰውየው ማን እንደ ሆነ ይለይለታል። ስለ ሰው ስም ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ኮምፒዩተር ለመግዛት የሄድን እንደ ሆነ ግን «ኮር አይ 5 ነው» የሚለውን የሻጩን ቃል ብቻ ሰምተን ገንዘባችንን ቆጥረን እናስረክባለን። ዳሩ ግን «ኮር አይ 5» ብዙዎች በጋራ የሚጠሩበት ስም ነው እንጂ የአንዱ ብቻ መለያ አይደለም።

ፕሮሰሰር የኮምፒዩተሩ አንጎል ነው፤ የሚሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ አስልቶ የሚፈጽመው እርሱ ነው። ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኮር አይ 5» በሚል ስም መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በዚሁ ስም ከዐሥር የሚበልጡ ትውልዶች ተከታትለው ወጥተዋል። ነጋዴዎቻችን «ጄኔሬሽን» የሚሉት ይህንኑ ነው።

የትውልድ ልዩነት ቀላል ነገር እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «አይ 5-7200 ዩ» ያለው ሁለት ኮር ነው፤ በ2017 የወጣው «አይ 5-8250 ዩ» ግን አራት ኮር አለው። ይኸውም ሁለት ሠራተኞች ይሠሩት የነበረውን ሥራ ለአራት እንደ ማካፈል ያለ ነው። በአፍ ሲጠሩ ግን ሁለቱም «ኮር አይ 5» ናቸው። ከዚህም በላይ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን ከጥቂቶች በቀር አልተቀበለም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ያለው የአንድ ቁጥር ልዩነት የማሽኑን ዕድሜ የሚወስን ሆኗል።

ይህ ጉዳይ በተለይ በሰንዳፋ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖር ተማሪና ወጣት ሠራተኛ የሚያሳስብ ነው። ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ፣ በደሴ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ በለገጣፎ በኩል አዲስ አበባ ድረስ የመጣ ሰው፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነገሩን ቢያውቀው የመመለሻው ድካም፣ የመኪናው ሒሳብና ከሥራ የሚቀርበት ቀን ሌላ ኪሳራ ይሆንበታል። ሻጩም «አይተህ አይደለም ወይ የገዛኸው?» ቢለው መልስ ያጣል። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ነው።

ሙሉ ስሙ እንዴት ይነበባል? ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር እንደ አባት ስም ይቆጠር። የቁጥሩ መጀመሪያ ትውልዱን ይናገራል፤ 7200 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ ነው። በ1 የሚጀምር ከሆነ ግን ሁለቱን አኃዞች አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል፤ 10210 ዐሥረኛ፣ 1135 ዐሥራ አንደኛ ነው። በላፕቶፕ ላይ ከቁጥሩ በኋላ «ዩ» የሚል ፊደል ቢገኝ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ፣ «ኤች» ቢሆን ደግሞ ኀይለኛ ነገር ግን ባትሪ ቶሎ የሚጨርስ መሆኑን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የመጡት «ኮር አልትራ» የተባሉት ሌላ አጠራር ስላላቸው ይህ ደንብ አይመለከታቸውም።

በክዳኑ ላይ የተለጠፈው ምልክት ተልጦ በሌላ ሊተካ ስለሚችል ምስክር አይሆንም። ማሽኑን አስከፍቶ «ኮንትሮል»፣ «ሽፍት» እና «ኤስኬፕ» የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኖ፣ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ሥር «ሲ ፒ ዩ» የሚለውን መመልከት ነው፤ ሙሉ ስሙና የኮሩ ብዛት በዚያ ተጽፎ ይገኛል። በዊንዶውስ ላይ የሚታየውን ስም ተንኮለኛ ሰው ሊለውጠው ስለሚችል፣ ማሽኑን አጥፍቶ ሲያስነሡ በዴል ላይ «ኤፍ 2»ን፣ በኤች ፒ ላይ «ኤፍ 10»ን ተጭኖ ከባዮሱ ማመሳከር ይበጃል። ከዚያም ቁጥሩን ኩባንያው ለሕዝብ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ በስልክ ፈልጎ ማስተያየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም። ኤ ኤም ዲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይዘን 5 1600»ን በ14 ናኖሜትር አሠራር አወጣ፤ በ2019 መጨረሻ ገደማ ደግሞ በ12 ናኖሜትር የተሠራና የተሻሻለ ሌላ ፕሮሰሰር በዚያው ስም ለገበያ ቀረበ። የሚለዩት በካርቶኑ ላይ ባለው ረጅም ቁጥር ውስጥ በሚገኙ ሁለት ፊደሎች ነው፤ የፊተኛው «ኤ ኢ»፣ የኋለኛው «ኤ ኤፍ» ይላል።

የጠያቂ ገዥ ጉልበት ምን ያህል እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. በ1994 ታይቷል። ቶማስ ናይስሊ የተባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር የኢንቴል «ፔንቲየም» በማካፈል ሥራ እንደሚሳሳት ደረሱበት። 4195835 ለ3145727 ሲካፈል ውጤቱ 1.3338 ገደማ መሆን ሲገባው ጉድለት ያለበት ፔንቲየም 1.3337 ብሎ ይመልስ ነበር። ስለዚህ ማንም ባለቤት የገዛው የትኛውን እንደ ሆነ በዚህ ሒሳብ ፈትኖ ማወቅ ቻለ። ኩባንያው በመጀመሪያ ቢያንገራግርም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ለጠየቀ ሁሉ ሊለውጥ ተስማማ፤ ለዚሁም 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ።

ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ እንዲገዛ የታዘዘ ወጣት ሹም ደግሞ ኀላፊነቱ የበለጠ ነው። በጨረታው ሰነድ ላይ «ኮር አይ 5» ብሎ ብቻ የጻፈ እንደ ሆነ፣ አቅራቢው የዐሥር ዓመት ዕድሜ ያለውን ቢያመጣለት የተጻፈውን አሟልቷልና ሊከሰው አይችልም። ትውልዱን፣ የኮሩን ብዛትና ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል መሆኑን «ወይም ተመጣጣኝ» ከሚል ቃል ጋር የጻፈ ግን የሕዝብን ገንዘብ ጠበቀ።

አሮጌ ማሽን መግዛት ነውር አይደለም፤ ጽሑፍ ለመጻፍና ለማንበብ ብቻ ለሚፈልገው ተማሪ ሰባተኛውም ትውልድ ሊያገለግለው ይችላል። ጉዳቱ ሰባተኛውን በስምንተኛው ዋጋ መግዛት ነው። ይህም እንዳይደርስ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የትኛው ኮር አይ 5?