ባለካባው ሠዓሊ

ነገሩ የተጀመረው ሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ወዳጄ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ነው። ግድግዳው ላይ ከድሮ የቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ሥዕል ተለጥፏል፤ የአፈወርቅ ተክሌ «የመስቀል አበባ»። ጠላው ሲደጋገም ጨዋታው ወደ ሠዓሊው ዞረ። አንዱ ሠዓሊው ይለብሰው የነበረውን ካባ አነሣ። ሌላው «እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት» የሚለውን ማዕረግ በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ ሳቀ። ቪላ አልፋ ያሉትን ቤቱን ደግሞ የጎንደር ግንብ አስመስሎ መሥራቱ ተወራ።

ባና የደረቡ አንድ አዛውንት ግን አልሳቁም። «የደብራችሁን ሥዕል ማን ሣለው?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም።

«እርስዎስ አባባ?»

«እኔም አላውቅ። አባቴም አያውቅ ነበር።»

ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። አዲስ አበባ ስመለስ የአፈወርቅን ታሪክ መከታተል ያዝኩ። ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. የተወለደው እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ አንኮበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ተሰጥኦው ግን ወደ ሥዕል ወሰደው፤ በለንደን ስሌድ ትምህርት ቤት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ዐውደ ርእዩን አሳየ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው እኔን የገረመኝ፤ ተመልሶ አውሮፓ ሄደ። ባለቀለም መስታወት አሠራር ሊማር፣ በዚያውም የብራና መጻሕፍታችንን ሥዕል ሊያጠና። የአገሩን ብራና ብሪቲሽ ሙዚየምና ቫቲካን ድረስ ሄዶ ገለጠ! ለንደን ካሉት ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። አብዛኞቹን የሣሉት ሰዎች ስማቸውን አልጻፉም።

ካባውንና ማዕረጉን ከዚህ ወዲያ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በእኔ እምነት ሰውየው ለራሱ ብቻ አልነበረም ክብር የሚጠይቀው፤ ሠዓሊ በአገሩ ስም ያለው ሰው እንዲሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ሲቀበል ሙያው ከሊቃውንት ተርታ ገባ።

አዲስ አበባ ወዳለው አፍሪካ አዳራሽ የሄድኩት ይህን ሐሳብ ይዤ ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ባለቀለም መስታወት በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይተርካል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አዳራሹም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። እኔ ብዙ የቆየሁት ቅኝ ግዛት በዘንዶ የተመሰለበት ክፍል ፊት ነው። ያንን ዘንዶ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በየደብሩ ግድግዳ ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር የሚወጋው ደራጎን ነው። ለንደን የተማረው አንኮበሬ የአፍሪካን ጠላት ሲሥል ከስም የለሾቹ የደብር ሠዓሊዎች ነው የተዋሰው።