የተረሳው «ሆም አሎን»

እናንተዬ፣ በ«ሆም አሎን» ሌቦች በሳቅ ፍርስ ያላለ የጎንደር አራዳ ልጅ ይኖራል? አራተኛውን ክፍል ግን ማን ያስታውሰዋል! በ1990 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ማኮሌይ ካልኪን በሲኒማ ያሳቀንን ኬቨንን፣ በ2002 ለቴሌቪዥን ሲሠሩት ሌላ ልጅ ተጫወተው።

ሰሞኑን ደግሜ አየሁት። ቀልዱ ውሃ ውሃ ይላል፤ ታሪኩ ግን ያማል። የኬቨን ወላጆች ተለያይተዋል። ልጁ ገናን ሊያሳልፍ አባቱ ፍቅረኛ ቤት ይሄዳል። «ሌባ ገባ» ሲል አባቱ አላምንህ አለው!

መጨረሻ ላይ ወላጆቹ ይታረቃሉ። በኛ ሰፈር ግን ሽማግሌ ገብቶም የማይታረቅ ትዳር ሞልቷል። ታዲያ የተለያያችሁ ወላጆች፣ ልጁ ሲናገር «እናትህ ናት ያስጠናችህ»፣ «አባትህ ነው የላከህ» አትበሉት። መጀመሪያ ስሙት'ንጂ!