ተጨማሪ መረጃ፦ የጡረታ ዕድሜ ለምን ይቀያየራል?

በሕግ የተደነገገ የጡረታ መድን ለመላው አገር ሠራተኞች ቀድማ ያቋቋመችው ጀርመን እንደሆነች ታውቃላችሁ? በቻንስለር ኦቶ ፎን ቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1883 የሕመም፣ በ1884 የሥራ ላይ አደጋ፣ በ1889 ደግሞ የእርጅናና የአካል ጉዳት መድን ታወጀ። እንዲህ ያለው አሠራር ማኅበራዊ መድን ይባላል፤ ሠራተኛውና አሠሪው በሕግ ግዴታ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ሠራተኛው ሲቸገር ደግሞ ድጋፍ ያገኛል። ስለዚህ ጡረታ መብት እንጂ ምጽዋት አይደለም።

በመጀመሪያው የእርጅና መድን ሕግ የጡረታ ዕድሜ 70 ዓመት ነበር፤ በ1916 ወደ 65 ዝቅ አለ። አሁን ግን እስከ 2031 ድረስ ቀስ በቀስ ወደ 67 ከፍ እያለ ነው። ምክንያቱም የዛሬዎቹን ጡረተኞች በአብዛኛው የሚደጉመው የዛሬዎቹ ሠራተኞች መዋጮ ነው፤ አረጋውያን ሲበዙና ወጣት ሠራተኞች ሲያንሱ ሸክሙ ይከብዳል።

በአገራችን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ።

እናንተም ሞክሩ፦ ደመወዙ 10,000 ብር ለሆነ ሠራተኛ በወር በድምሩ ስንት ብር ይዋጣል? የጉልት ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞችስ ሲያረጁ በምን ይተዳደራሉ? በአካባቢያችሁ ጠይቃችሁ በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።